ድምጿ የራቀበት የጂጂ አልበም

የግጥምና ዜማ ደራሲዋ ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣችው፣ በስሟ የተጠራው አልበም ዓባይንና ዓድዋን ያነሳሳችበት ነው። በ2003 የወጣው «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ያንኑ ቅጂ አጨልሞታል። አቀናባሪው ቢል ላዝዌል የተከተለው ደብ የተሰኘውን የጃማይካ ስልት ነው፤ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቤዝና ከበሮ ይጎላሉ፣ የቀረው ቃል እንደ ገደል ማሚቶ ይመላለሳል። ጃማይካውያን ከሰፈሩበት ከሻሸመኔ ብዙም ለማይርቀው የሐዋሳ አድማጭ ስልቱ ፍጹም እንግዳ ላይሆን ይችላል።

ግጥም ፈልጎ የሚከፍተው ሰው ቅር ይለዋል፤ የጂጂ ግማሽ ኃይል ቃሏ ነውና ቅሬታው ተገቢ ነው። ሆኖም ቃሉ ሲሳሳ ናፍቆቷ ይጎላል። የቻግኒዋ ልጅ ከመንጋ ኋላ እንደሚሰማ ዋሽንት ከሩቅ ትጣራለች። በምሽት፣ በጆሮ ማዳመጫ ቢደመጥ ይመረጣል፤ በባጃጅ ድምፅ ማጉያ ቤዙ ይጠፋል።