ከጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ የቡናው ሰዓት

ከጅማ እስከ አጋሮና ሊሙ ገነት ቡና ምግብን ተከትሎ ይቀርባል፤ ከአቦል እስከ በረካ ይዘልቃል። ውፍረት ለመቀነስ ጨጓራውን በቀዶ ጥገና ያሳነሰ ሰው ግን ይህን ልማድ ሊያጤነው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ሰውነት የሚያገኘውን የብረት ማዕድን በ39 በመቶ ቀንሷል። ከምግቡ 1 ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ጉዳቱ ያው ነበር፤ 1 ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን አልቀነሰም። ለቡና አገር ሰው መልካም ዜና ነው፤ ቡናውን መተው ሳይሆን ማስቀደም ይቻላል።

በስፋት የሚሠራው ቀዶ ጥገና ከጨጓራው ሦስት አራተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ ያወጣል። የብረትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት የሚከተለውም ከዚህ ነው። በጾም ሥጋና ወተት የሚተው ሰው የቢ12 ክኒኑን ወይም መርፌውን ማቋረጥ የለበትም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንዳንዱን ታካሚ የከፋ ቃር ያሠቃየዋል፤ መድኃኒት ካላስታገሰው ጨጓራው በሌላ ቀዶ ጥገና ከአንጀት ጋር በአዲስ መንገድ ሊያያዝ ይችላል። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይበልጥ አደገኛ ነው።

ትኩሳት፣ የልብ ትርታ መፍጠን ወይም የማያቋርጥ ትውከት ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ተደጋጋሚ ትውከት ቫይታሚን ቢ1ን አሟጦ አንጎልን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ታካሚው በዚያው ቀን ሆስፒታል ሄዶ ቀዶ ጥገና መደረጉን ለሐኪሙ ይንገር።