ንጉሡን በቀኝ አቁሙ

በሐረርጌዋ ጭሮ ከሰዓት በኋላ የተቀመጠ ሰው እጁ ሥራ አይፈታም። በረንዳ ላይ ካርታ ይጣላል፣ መንገድ ዳር ጆተኒ ይንኳኳል፣ ከጫት ተራው አጠገብ በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ዳማ ተዘርግቶ ቆርኪ ይገፋል፤ የአንደኛው ቆርኪ በፊቱ፣ የሌላኛው በጀርባው። ሂርና ብትሄዱም፣ በዴሳ ብትወርዱም፣ ገለምሶ ብታድሩም ያው ነው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጨዋታ ጎድሏል። ነገሥታቱና መኳንንቱ አመሻሹን ያሳለፉበት፣ የራሱ ሕግና የራሱ ጠጠር ያለው የአገራችን ሰንጠረዥ ዛሬ በሰው ቤት የለም። ስሙን ለቼዝ አስረክቦ እሱ ተረስቷል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ጠጠሮቹን የሚያስቀርጽና ጨርቁን የሚያሰፋ ሰው በየከተማው ቢገኝ ብዬ ነው።

ታሪኩ ረጅም ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ያየውን ተርኳል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ከባድ ነበሩ፤ ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረው ነበር። ሕጉን ዘርዝሮ የጻፈው የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ የተበታተነውን ምስክርነት ሁሉ ሰብስበው በ1971 እ.ኤ.አ. አንድ ጥሩ ጥናት አወጡ። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ጨዋታው እየጠፋ ሄደ።

መሠረቱ ይህ ነው። ሰሌዳው ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ ሰባት በወርድ፣ ሰባት በቁመት ተሰፍቶበት 64 ቤት ይወጣዋል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠር ይደርሰዋል፦ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ። ንጉሥ፣ ፈረስና ደር ቼዝ የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቃቸው ይሄዳሉ። መደቅ አንድ ቤት ወደፊት ይሄዳል፣ በሰያፍ ይበላል፤ መጨረሻው ረድፍ ሲደርስ ፈርዝ ይሆናል። ፈርዝና ፊልን ግን እንዲህ በአንድ መስመር ማለፍ አይሆንልኝም።

በመጀመሪያ ስለ ጠጠሮቹ ገጽታ። የእኔ ጠጠሮች የተቀረጹት እዚሁ ጭሮ፣ የአልጋ እግር በሚያዞር አናጢ ቤት ነው። ለአንዱ ወገን ወይራ፣ ለሌላው ጥድ መረጥን። አናጢው መጀመሪያ ሁሉንም እኩል ሊያደርጋቸው ፈልጎ ነበር፤ እኩል ነገር ማዞር ይቀለዋል። ንጉሡ ከፈርዙ በአንድ ጣት ውፍረት እንዲበልጥ፣ ፊሉ አናቱ ላይ ሁለት ጥርስ እንዲወጣለት፣ ፈረሱ አንድ አፍንጫ ወደፊት እንዲያሾል ነገርኩት። የፊሉን ጥርስ በመጋዝ ሰንጥቆ በሞረድ ሲከፍተው፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሰው አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ወይራው ሲታሽ ቢጫና ቡናማ ጅማቱ ጎልቶ ወጣ። ቫርኒሽ ልቀባው ሲል እንቢ አልኩ። ቫርኒሽ የተቀባ ጠጠር በላብ እጅ ይንሸራተታል፣ ተመትቶ ሲወድቅም ይላጣል። ትንሽ ዘይት ይበቃዋል።

ፊት፣ ዐይንና ዘውድ የሌለውን ጠጠር አይቶ «ቀራጩ ስላልቻለበት ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ፍርዱ ችኩል ነው። ጠጠር በጣት የሚያዝ፣ በኃይል የሚመታና የሚወድቅ ነገር ነው፤ ቀጭን አንገትና የሾለ ጦር ያለው ምስል አንድ ምሽት አይቆይም። ደግሞም ጥሩ ጠጠር በኩራዝ ብርሃን፣ ከላይ ወደ ታች ሲታይ ምን እንደሆነ መለየት አለበት። ሁለት ጥርስ ካየሁ ፊል ነው፣ አንድ አፍንጫ ካየሁ ፈረስ ነው። ቀራጭ ከዚህ በላይ የሚጠየቀው ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአገራችን ሰንጠረዥ ንጉሥ የሚቆመው ከመካከለኛው መስመር በስተቀኝ ነው፣ ለሁለቱም ተጫዋቾች በየራሳቸው ቀኝ። ፈርዙ በግራው ይቆማል። ስለዚህ ንጉሥ የሚፋጠጠው ከባላጋራው ፈርዝ ጋር ነው። ቼዝ የለመደ ሰው ግን ሁለቱን ንጉሦች ፊት ለፊት ያቆምና «ምን ለውጥ ያመጣል? አንድ ቤት ብቻ ነው» ይላል። ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ለውጡ ትልቅ ነው፤ በጣትና በወረቀት ላሳያችሁ።

ፈርዝ የሚሄደው በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው። ጨርቁ አንድ ቀለም ስለሆነ ዐይን አያየውም እንጂ፣ ቤቶቹን በሐሳባችሁ ጥቁርና ነጭ ብትቀቧቸው ፈርዝ ከተነሣበት ቀለም ዕድሜውን ሙሉ አይወጣም። እያንዳንዱን ቤት ከእናንተ ግራ በስንተኛው ዐምድ፣ ከእናንተ በስንተኛው ረድፍ እንዳለ ቆጥራችሁ ሁለቱን ቁጥሮች ደምሩ። የእናንተ ፈርዝ አራተኛው ዐምድ፣ አንደኛው ረድፍ ላይ ነው፦ አምስት፣ ጎዶሎ ቁጥር። በሰያፍ አንድ ቤት ሲሄድ ድምሩ ወይ በሁለት ይጨምራል፣ ወይ በሁለት ይቀንሳል፣ ወይ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። አሁን የባላጋራችሁን ፈርዝ እዩ። ንጉሦቹን ፊት ለፊት ካቆማችሁ ፈርዙ አራተኛው ዐምድ፣ ስምንተኛው ረድፍ ላይ ነው፦ አሥራ ሁለት፣ ሙሉ ቁጥር። አንዱ በጎዶሎ፣ ሌላው በሙሉ ቤት ብቻ ስለሚመላለሱ ሁለቱ ፈርዞች እስከ ጨዋታው ፍጻሜ አይነካኩም። ንጉሡን በቀኝ ስታቆሙ ግን የባላጋራችሁ ፈርዝ አምስተኛው ዐምድ፣ ስምንተኛው ረድፍ ላይ ይውላል፦ አሥራ ሦስት፣ ጎዶሎ። አሁን ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቤት ላይ ናቸው። ይገናኛሉ፣ ይተናነቃሉ፣ አንዱ ሌላውን ሊበላ ይችላል።

ንጉሦቹ ፊት ለፊት በሚቆሙበት በጥንቱ የዓረብ ሻትራንጅ ሁለቱ ፈርዞች ሳይነካኩ ይኖራሉ። የእኛ አቋቋም ግን ፈርዝን ከፈርዝ ያጋጥማል። በአንዲት ቤት ልዩነት ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ይሆናል። ስለዚህ ጠጠር ስትደረድሩ እባካችሁ አትቸኩሉ። የተሳሳተ አሰላለፍ ካያችሁ፣ ጨዋታው ተጀምሮም ቢሆን አፍርሱና እንደገና ደርድሩ። ንጉሡና ፈርዙ በቁመት እንዲለያዩ አናጢውን የጨቀጨቅሁት ለዚሁ ነው፤ እኩል ከሆኑ በስሕተት ይለዋወጣሉ።

ፊል ደግሞ ሌላ ነው። በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፣ መካከል ላይ ያለውን ጠጠር አይቶ እንዳላየ ያልፋል። የሚረግጣቸውን ቤቶች ብትቆጥሩ፣ የተነሣበትን ጨምሮ ከ64ቱ 8 ብቻ ናቸው። አራቱ ፊሎች፣ የእናንተ ሁለቱና የባላጋራችሁ ሁለቱ፣ ለየብቻቸው ስምንት ስምንት ቤት ስላላቸው አንዱ የሌላውን አይነካም። የቀሩት 32 ቤቶች ፊል የሚባል ነገር አይደርስባቸውም። በፊል የሚበላ ሰው ጥቂት ነው፤ ግን የፊሎቹን ስምንት ስምንት ቤት በልቡ የያዘ ተጫዋች ንጉሡን የት ማሳረፍ እንዳለበት ያውቃል። ፊል ማለት ዝሆን ነው፤ ሐረርጌ ደግሞ ዝሆንን የሚያውቅ አገር ነው፤ የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ከተቋቋመ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ በምሥራቁ በኩል አለ። ልጆች ጠጠሩን አንስተው «ይሄ ዝሆኑ ነው?» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ፊሉ ጠፍቶባቸው በቦታው ቆርኪ የሚያስቀምጡትን ግን አልወድላቸውም። ቆርኪ ዳማ ላይ ያምራል፤ እዚህ ግን ዝሆኑ ይታይ።

ወረራ የሚባለውን የጨዋታውን መነሻ ሳላነሣ አላልፍም። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ወገኖች በየጠጠራቸው ሕግ የፈለጉትን ያህል እርምጃ ይሄዳሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ያን ጊዜ ወረራው ያበቃና ተራ በተራ ይሆናል። ይህን የሰማ ሁሉ የእጅ ፍጥነት ውድድር ይመስለዋል። በዴሳ ያስተማርኳቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ግን ከመጀመሪያው ቀን ገባቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ ጎረቤታቸው ጠጠሩን ሲያራውጥ አንድ መደቅ ብቻ ገፉ።

«ጋሼ፣ ይሂዱ እንጂ!» አላቸው።

«ቆይ አቦ፣ ፈረስህ የት እንደሚያርፍ ልይ።»

ወረራ ይኸው ነው። ባላጋራችሁን እያያችሁ ትሰለፋላችሁ፣ እሱም እናንተን አይቶ ሰልፉን ያፈርሳል፣ እናንተም መልሳችሁ ትቀይራላችሁ፤ ደርን ወደፊት ያወጣ ሰው መልሶ ሊያስገባው ይችላል። የሚጣደፍ ሰው ሐሳቡን ቀድሞ ያሳያል። የዓረቦቹ ሻትራንጅ ፈርዙና ፊሉ ደካማ ስለሆኑ መነሻው ይጓተት ነበርና፣ አዋቂዎቹ ታቢያ የሚሉትን የተዘጋጀ ሰልፍ አጥንተው ከዚያ ይጀምሩ ነበር። የእኛ አባቶች ያንኑ ችግር በወረራ ፈቱት፤ በቃል የሚጠና ሰልፍ አላስፈለጋቸውም።

በሌላው ዓለምም ከሰንጠረዥ ጦርነትን ለማውጣት ብዙ ተደክሟል። በ1780 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ዮሐን ሄልቪግ ቼዝን አስፍቶ የጦር ጨዋታ አደረገው፤ የፕሩሲያ መኮንኖች በ19ኛው መቶ ዘመን በካርታ ላይ ጠጠር እየገፉ ተለማመዱበት፤ ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. ለአሻንጉሊት ወታደሮች የጨዋታ ሕግ ጻፈ። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ሲያወጡ፣ አንድ ሰው ጦር ሠራዊት መምራቱን ትቶ አንዲት ትንሽ ምስል የራሱ አደረገ፦ ጠንቋይ ወይም ጦረኛ ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር ተረት ይኖራል። ዛሬ እነዚያን በጣት ቁመት ያሉ ምስሎች የሚሰበስቡና በቀጭን ብሩሽ የሚቀቡ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል ለሚል ሰው አንድ ነገር ልንገረው። ከዚያ ጨዋታ ታዋቂ አውሬዎች መካከል ጉጉት ራስ ድቡና ብረት የሚያዝገው አውሬ የተወለዱት በርካሽ ከረጢት ከተሸጡ፣ ሆንግ ኮንግ ከተሠሩ የፕላስቲክ መጫወቻዎች ነው። የዚያ ዓይነት ፕላስቲክ አውሬ የጭሮ ገበያም ይሸጣል። ተረት ደግሞ በእኛ በጨርጨር ጠፍቶ አያውቅም። ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ አውሬና ጀግና አሰልፈው ቢጫወቱ ደስ ይለኛል፤ ምስል በእጅ ይዞ ማሰብን ከለመዱ ሰንጠረዡም አይከብዳቸውም።

ወደ ሰንጠረዣችን ልመለስ። አሸናፊነቱ ላይ ደግሞ ወግ አለ። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ማምለጫ አሳጥቶ ማት ማድረግ እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል። በፈርዝ ወይም በአንድ ፊል ከሆነ ሻል ይላል፤ ሁለቱን ፊሎችና ፈርዙን አቀናጅቶ የጨረሰ ሰው ተመልካቹ ያጨበጭብለታል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም። ከመደቅ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው ከሆነ፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ሳይሄድ ባላጋራው መጨረስ አለበት። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች የባላጋራውን ጠጠር ጠራርጎ አይበላም፤ ሁለት ይተውለታል። ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ጀማሪ አሸንፌአለሁ ሲል ጨዋታው እኩል ይወጣበታል። የለመደ ተመልካች ይህን ሲያይ ከጎን ሆኖ «ተው! አትብላ!» ብሎ ይጮሃል፤ በዚህ ጨዋታ ተመልካች መጮህ የተፈቀደለት ነው።

ለማሠራት ያሰበ ሰው ለአናጢው 32 ብሎ አይዘዝ፤ ለየወገኑ አንድ ትርፍ መደቅና አንድ ትርፍ ፊል ያስጨምር፣ ከሁሉ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው። እንጨቱ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ወይራ በበጋ ይሰነጠቃል። ለጨርቁ ወፈር ያለ ቀይ አቡጀዲ ገዝታችሁ ልብስ ሰፊ ዘንድ ውሰዱ፤ ጥብጣቡን ከመስፋቱ በፊት አንድ ጊዜ ይታጠብ። አለዚያ ከታጠበ በኋላ ተኮማትሮ ቤቶቹ ይጣመማሉ።