ከሌሊት ጋር መታረቅ

(ድምፅ፦ የግድግዳ ሰዓት፤ ከሩቅ ውሻ ይጮኻል)

ተራኪ፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። አንድ ሰው ግን ዓይኑ ፈጦ ይገላበጣል። «አሁን ካልተኛሁ ነገ ሥራ ላይ ምን ልሆን ነው?» ይላል። ጭንቀቱ እንቅልፉን ያባርራል፤ የእንቅልፉ መጥፋት መልሶ ያስጨንቀዋል። እንዲህ ያለው ሌሊት በሳምንት ሦስቴና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር ከተመላለሰ፣ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የእንቅልፍ ማጣት ይሉታል።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ክኒን ነው። ሌላስ መንገድ የለም?

(ሙዚቃ፦ ክራር፣ ዝግ ብሎ)

ተራኪ፦ የአሜሪካው ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሲንቲያ ግሮስና ባልደረቦቻቸው እንቅልፍ ያስቸገራቸውን 30 ሰዎች በዕጣ ለሁለት መደቧቸው። አሥሩ ኤስዞፒክሎን የተባለውን የእንቅልፍ ክኒን፣ 3 ሚሊግራም፣ ለስምንት ሳምንት በየማታው እንዲወስዱ ታዘዘላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ለሦስት ወር ሲያስፈልጋቸው ብቻ። ሃያዎቹ ስምንት ሳምንት የአስተውሎት ሥልጠና ገቡ፤ ቀጥሎም ለሦስት ወር በየቤታቸው ተለማመዱ።

ሥልጠናውን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 በማሳቹሴትስ የጀመሩት ጆን ካባት-ዚን ናቸው። ሠልጣኞች ትንፋሽን ይከተላሉ፤ ሰውነትን ከእግር ጣት እስከ ራስ በዝግታ ያዳምጣሉ፤ ሐሳብ ሲመጣ ሳይሟገቱት ያሳልፉታል።

ውጤቱ በ2011 ታተመ። የሠልጣኞቹ መሻሻል ክኒን ከወሰዱት ጋር ተቀራራቢ ነበር። እጃቸው ላይ የታሰረው መለኪያ እንዳሳየው፣ ሠልጣኞቹ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው የሚፈጅባቸው ጊዜ በ9 ደቂቃ ገደማ አጠረ።

የ30 ሰው ጥናት ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም። ተስፋው ግን ቀላል አይደለም፤ ክኒኑ የራሱ ጣጣ አለውና። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ክኒኑ በማግስቱ ንቃትን ስለሚያደበዝዝ፣ በ2014 የመነሻ መጠኑን ወደ 1 ሚሊግራም አወረደ። በ2019 ደግሞ እንዲህ ያሉ ክኒኖች ሰውን በእንቅልፍ ልቡ እስከ መራመድና መኪና እስከ መንዳት ሊያደርሱት እንደሚችሉ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ይሁንና ክኒን የጀመረ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አያቁም፤ በድንገት ሲቋረጥ የእንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

(ድምፅ፦ ሰዓቱ እንደገና)

ተራኪ፦ ያ ሰው አሁንም ነቅቷል። ሰዓቱን ግን ወደ ግድግዳው አዞረው። እጁን ሆዱ ላይ አሳረፈ። ትንፋሹ ይገባል፤ ይወጣል። የነገውን ሥራ ለነገ ተወለት።

(ድምፅ፦ ዝግ ያለ ትንፋሽ፤ ከዚያ ጸጥታ)