ከእናቱ ተጣልቶ የወጣው ልጅ
የአንድ የጃፓን አስፈሪ የሥዕል ልቦለድ የሃምሳ ዓመት ጉዞ

አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ጠዋት ከእናቱ ጋር ይጣላል። ዕቃዬን ለምን ጣልሽብኝ ብሎ ይጮኻል፤ እሷም ትጮኽበታለች። በመጨረሻ “ወደዚህ ቤት ሁለተኛ አልመለስም!” ብሎ ደብተሩን ይዞ ይወጣል። እንዲህ ያለው ነገር በየቤታችን ስንት ጊዜ ሆኗል! ማታ ሲመጣ ራቱ ይቀርብለታል፣ ጠቡም ይረሳል። ዛሬ ላወጋችሁ ባሰብኩት ታሪክ ውስጥ ግን ማታ አልመጣም። ልጁ ክፍል ገብቶ ጥቂት እንደቆየ ምድር ተናወጠች። ትምህርት ቤቱ ከነተማሪው፣ ከነመምህሩ፣ ከነግቢው ጠፋ። እናቲቱ እየሮጠች ስትደርስ ያገኘችው አንድ ትልቅ ጉድጓድ ብቻ ነበር።

ይህን መጽሐፍ ፈልጌ አላገኘሁትም። ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጄ ከሰፈራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተውሶ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ሄደ። ጃፓኖች “ማንጋ” የሚሉት፣ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ነው። የልጅ ነገር ነው ብዬ በንቀት ገለጥኩት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አሁንም እገልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞ ሙያዬ መጽሐፉ ከየት ተነሥቶ በማን እጅ አልፎ እዚህ እንደደረሰ ስከታተል ሰነበትኩ።

ስሙ በጃፓንኛ “ሂዮሪዩ ኪዮሺትሱ” ይባላል። ጽሑፉም ሥዕሉም የአንድ ሰው ነው፤ የካዙኦ ኡሜዙ። የሾጋኩካን ማተሚያ ድርጅት በሚያወጣው “ሾኔን ሰንደይ” በተባለ ሳምንታዊ የልጆች መጽሔት ላይ ከ1972 እስከ 1974 በተከታታይ ወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በ11 ጥራዝ ተሰብስቦ ታተመ። የልጆች መጽሔት ያልኩትን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኪዮሺትሱ የመማሪያ ክፍል ማለት ነው። ሂዮሪዩ ግን የባሕር ቃል ነው። መርከቡ ተሰብሮበት ማዕበሉና ነፋሱ ወዳሻቸው የሚወስዱትን ሰው ሁኔታ ይገልጻል። የፈረንሳዩ ዡል ቬርን፣ አሥራ አምስት ልጆች ብቻቸውን ደሴት ላይ ስለመቅረታቸው የጻፈው ልቦለድ በጃፓን የሚታወቀው ይኸው ቃል ባለበት ርእስ ነው። እንግዲህ የጃፓን ልጅ ርእሱን ሲያይ ደሴትና ጀብዱ ይጠብቃል። ኡሜዙ ግን በጀልባ ፈንታ የመማሪያ ክፍል፣ በባሕር ፈንታ አሸዋ ሰጠው። እንግሊዝኛው “የሚንሳፈፈው ክፍል” አለው። ፈረንሳይኛው ክፍሉን ትቶ “ተወስዶ የሄደው ትምህርት ቤት” አለው። እኔ ብሆን “የባዘነው ክፍል” እለው ነበር። ባዘነ የሚለው ቃላችን ባሕር ባይኖርበትም መድረሻ ማጣት አለበት።

ታሪኩ ወደየት ይሄዳል? ያማቶ የተባለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት 862 ነፍስ ይዞ የወደቀው ውኃም ዛፍም በሌለበት በረሃ መካከል ነው። ውሎ አድሮ ቦታው ሌላ አገር እንዳልሆነ ይታወቃል፤ ያው የራሳቸው አገር ነው፣ ዘመኑ ግን ወደፊት ሄዷል። አዋቂዎች አድርቀውና መርዘው የጨረሱት ዓለም ላይ ነው ልጆቹ የተጣሉት። የታሪኩ ባለቤት ሾ ታካማትሱ፣ ያ ከእናቱ የተጣላው ልጅ ነው።

አሁን የመጽሐፉ ልብ ወደሆነው ነገር ልምጣ። እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ አዋቂ ሰው ልጆችን ይታደጋል ብለን እንጠብቃለን። ኡሜዙ መጀመሪያ የሚሰብረው አዋቂዎቹን ነው። መምህራኑ የሆነውን መቀበል ያቅታቸዋል። ዓለም በሚያውቁት ሕግ ካልሄደች አእምሯቸው አይችለውም። ልጆቹ የሚወዱት የሾ የክፍል ኃላፊ መምህር ዋካሃራ ባልደረቦቹን ገድሎ ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ ያዞራል። ምሳ የሚያመላልሰው ሴኪያ ደግሞ፣ ትናንት ለልጆቹ ዳቦ ያወርድ የነበረው ሰውዬ፣ የምግቡን መጋዘን ይዞ ገዢ ልሁን ይላል። የሚያስፈራው ታዲያ ጭራቁ ብቻ አይደለም። ጭራቅም አለ፣ ወረርሽኝም አለ፣ ረሃብም አለ። ያለ ማደንዘዣ በልጆች እጅ የሚደረግ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምናም አለ፤ ያንን ገጽ ስገልጥ ፊቴን አዙሬአለሁ። ከዚያ ሁሉ የበለጠ ያስፈራኝ ግን የምናውቀው ሰው ፊት፣ የወተትና የዳቦ አመላላሹ ፊት ሲለወጥ ማየት ነው።

ልጆቹስ? ተሰብስበው ምርጫ ያደርጋሉ። ሾን ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ይሾማሉ፣ ሌሎቹም የሥራ ድርሻ ይከፋፈላሉ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች የሆኑ “ባለሥልጣናት” ዱቄት ሲሰፍሩ ማየት ሊያስቅ ይችላል፤ እኔን ግን አላሳቀኝም።

በዚህ ሁሉ መካከል እናቲቱ አለች። ኤሚኮ ትባላለች። ሰው ሁሉ ልጅሽ ሞቷል ሲላት አትቀበልም። ኒሺ በምትባል፣ እግሯ ሕመም ባለበት አንዲት ልጅ በኩል የሾ ድምፅ ከወደፊቱ ዘመን ይሰማታል። ልጇ በፈራረሰ ሆቴል ውስጥ ነፍሰ ገዳይ እጅ ላይ ወድቆ ሲጣራ፣ እሷ በራሷ ዘመን ወደዚያው ሆቴል ትሮጣለች። ከሰው ክፍል ዘላ ገብታ የግድግዳው ውስጥ ቢላ ትደብቃለች። ልጁም በስንት ዘመን ርቀት እጁን ሰዶ ያገኘዋል። አመክንዮውን ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ግን የትኛዋ እናት ናት ይህን የማታደርገው? ጠዋት የተጣሉት ሁለቱ ሰዎች ታሪኩን ሙሉ የሚሞክሩት ያንን ጠብ ማስታረቅ ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም። አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን የሚነዳት ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት መኖሯን ብቻ አስታውሱ።

ይህ ሥራ ሲጻፍ የነበረውን ጃፓን ካላየን ግማሹ ያመልጠናል። በሐምሌ 1972 የዮካይቺ ከተማ ፍርድ ቤት፣ የነዳጅና የኬሚካል ፋብሪካዎች ጭስ ነዋሪውን ለአስም ዳርጓል ሲል ፈረደ። በመጋቢት 1973 ደግሞ ሜርኩሪ ወደ ሚናማታ ባሕረ ሰላጤ የለቀቀው የቺሶ ፋብሪካ ተፈረደበት። የሳክዮ ኮማትሱ “የጃፓን መስመጥ” የተባለ ልቦለድ በዚያው ዓመት እጅ በእጅ ተሸጠ። በጥቅምት 1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት የነዳጅ ዋጋን ሲያንር የጃፓን የቤት እመቤቶች ለመጸዳጃ ወረቀት ተሰልፈው ተጋፉ። እንግዲህ በየሳምንቱ ስለ ምግብ ሽሚያ የሚያነበው ልጅ፣ ከመጽሔቱ ቀና ሲል እናቱ ከሽሚያ ስትመለስ ያይ ነበር ማለት ነው። ኡሜዙ ለዚህ ሥራው የአሳታሚውን ታላቅ የማንጋ ሽልማት ተቀበለ።

ያም ሆነ ይህ፣ ታሪኩ ወደ ሲኒማና ወደ ቴሌቪዥን የሄደበት መንገድ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

በ1987 ኖቡሂኮ ኦባያሺ የተባለው ዳይሬክተር ፊልም አደረገው። ኦባያሺ ተራ ሰው አልነበረም፤ “ቤት” የተባለው የ1977 እብድ ፊልሙ እስከ ዛሬ ወዳጅ አለው። ግን የሰፈሩን የመንግሥት ትምህርት ቤት ትቶ ታሪኩን ኮቤ ከተማ ወደሚገኝ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ወሰደው። ልጆቹ ግማሹን ጊዜ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ከመምህራኑ አንዱ በ1960ዎቹ ዝነኛ የነበረው የሆሊውዱ ትሮይ ዶናሁ ነው። ሙዚቃው የጆ ሂሳኢሺ ነው፤ ጥሩ ነው። ፊልሙ ግን የማንንም ልጅ አይመስልም። በ1995 ደግሞ ታሪኩ አሜሪካ ተሻግሮ በቀጥታ ለቪዲዮ ካሴት ተሠራ፤ ስለዚያኛው ብዙ ባልል ይሻላል።

በ2002 መጀመሪያ ፉጂ ቴሌቪዥን በ11 ክፍል አቀረበው። የስሙ መጀመሪያ ምን ሆነ መሰላችሁ? “ረጅም የፍቅር ደብዳቤ”! የስድስተኛ ክፍል ልጆቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሆኑ። መሐሉን የያዘው በዮሱኬ ኩቦዙካ የሚጫወተው ወጣት መምህርና በታካኮ ቶኪዋ የምትጫወተው የአበባ ሱቅ ልጅ ፍቅር ነው። ድራማው የሚወዱት ሰዎች አሉት፤ እኔም አልጣልኩትም። ግን በመጽሐፉ መጀመሪያ የሚያብደው አዋቂ፣ እዚህ የሚያጽናና ጀግና ሆኖ መጣ። ቁም ነገሩ ተገለበጠ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንዲት ነገር ልበል። ለብዙ ዓመታት የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርኩ፤ መቀስ በእጄ ነበር። አንድ ጽሑፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው ዐረፍተ ነገር የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ደካማው አይደለም። ከበላይ የተቀመጠውን ሰው ወንበሩ ላይ የሚያቁነጠንጠው ነው። የኡሜዙን ታሪክ ለካሜራ ያሰናዱት ሰዎችም ሳንሱር ሳይኖርባቸው ያንኑ ቦታ ቆረጡ። ሕፃናቱን አሳደጓቸው፣ አዋቂውን አዳኑት። እርግጥ ነው፣ ሕፃን ልጅ ሲራብና ሲሞት በሰው ተዋናይ ማሳየት በቀለም ከመሣል እጅግ ይከብዳል። ማን ይደፍራል? ቢሆንም የተቆረጠው ጌጡ ሳይሆን አከርካሪው ነበር።

ተርጓሚዎቹ ግን ይህን ማድረግ አይችሉም ነበር። የማንጋ ተርጓሚ ሥዕሉን አይነካም፤ እጁ የሚደርሰው እስከ ቃሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ሕፃን በእያንዳንዱ ቋንቋ ያው ሕፃን ነው። ፈረንሳይኛው በግሌና አሳታሚነት ከ2004 ጀምሮ ወጣ። የአሜሪካው ቪዝ በ11 ጥራዝ ከ2006 እስከ 2008 አሳተመው። በስፓኝኛና በጣሊያንኛም ይገኛል። ከ2019 እስከ 2020 ደግሞ ቪዝ በአዲስ ትርጉም በሦስት ወፋፍራም ጥራዞች መልሶ አወጣው፤ ልጄ የተዋሰው እነዚህን ነው።

ቀላል ሥራ ግን አይደለም። ጃፓንኛው ገጽ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ድሮ የአሜሪካ አሳታሚዎች ሥዕሉን እንደ መስታወት ይገለብጡት ነበር፤ ሰው ሁሉ ግራኝ ይሆናል፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ይሄዳል። አሁን እንዳለ ይተዉታል። እስራኤል ሆናችሁ ዕብራይስጥ፣ ዓረብ አገር ሆናችሁ ዓረብኛ የለመዳችሁ አንባብያን አትቸገሩም። እኔ በግዕዝ ፊደል ያደግሁት ግን የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገጾች መልሱን ከጥያቄው በፊት እያነበብኩ ስደናገር ቆየሁ። ሌላው ጣጣ ጩኸቱ ነው። የኡሜዙ ልጆች አፋቸውን እስከ ጉሮሯቸው ከፍተው ይጮኻሉ። ጩኸቱ ደግሞ በጉልህ ፊደል የሥዕሉ አካል ሆኖ ተቀርጿል። ተርጓሚው ይፋቀው ወይስ ይተወው? በአማርኛ ቢሆን “ኡኡ” እና “ዋይ” የተለያዩ ናቸው፤ አንደኛው ድረሱልኝ ነው፣ ሁለተኛው ከሆነ በኋላ ነው። የቱን ገጽ በየቱ እንደምተረጉመው ሳስብ አንድ ምሽት አለፈ።

አሁን ቅድም ወዳልኩት ልመለስ። በ1972 ጃፓን የልጆች መጽሔት ላይ የወጣው ይህ ታሪክ በአሜሪካ የተሸጠው “ለአዋቂዎች” የሚል ምልክት ተለጥፎበት ነው። አንዱ አገር ለአሥር ዓመት ልጅ የሰጠውን ሌላው ከአሥር ዓመት ልጅ ይደብቃል። ማን ትክክል እንደሆነ አልፈርድም። ሥዕሎቹን ለትንሽ ልጅ እንደማላሳይ ግን አውቃለሁ።

ኡሜዙ የተወለደው በ1936 ነው፤ ያደገውም በናራ ተራሮች አካባቢ ነው። አባቱ ወደ እባብ ስለምትለወጥ ሴት የአገሩን ተረት ይነግረው ነበር፤ እኛ በጅብ ተረት እንዳደግነው መሆኑ ነው። በኋላ ዝናው እጅግ ናኘ። ቀይና ነጭ ሸንተረር ልብስ የማይለየው ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበር። ቤቱንም ቶክዮ ውስጥ በዚያው ቀለም ቢያስቀባ ጎረቤቶቹ በ2007 ከሰሱት፤ በ2009 ፍርድ ቤቱ ለእሱ ፈረደለት። በስሙ የተሰየመ የጀማሪዎች ውድድርም ነበር። አንድ የጥርስ ቴክኒሻን ሥዕል ልኮ ኡሜዙ ራሱ ዳኛ በሆነበት መድረክ ተመሰገነ። ያ ቴክኒሻን ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ጁንጂ ኢቶ ነው። ኡሜዙ በ1995 እጁን አሞት ረጅም ሥራ መሣል ተወ። በ2018 የፈረንሳዩ አንጉሌም ፌስቲቫል “ስሜ ሺንጎ ነው” ለተባለ ሌላ ሥራው የቅርስ ሽልማት ሰጠው። እሱም በሰማንያ አምስት ዓመቱ፣ በ2022፣ የዚያኑ ታሪክ ቀጣይ በ101 ሥዕል ሠርቶ ቶክዮ ላይ አሳየ። ጥቅምት 28 ቀን 2024 በ88 ዓመቱ አረፈ።

ሦስቱ ጥራዞች የሚመለሱበት ቀን ትናንት ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ደውዬ ሁለት ሳምንት አስጨመርኩ። አሁን ባለቤቴ ይዛዋለች፤ ቢላዋው ጋ ደርሳለች።