አንድ ወንዝ፣ ሦስት መንግሥታት፦ የውኃ ጥራትን የሚወስነው ማን ነው?

አንድ ወንዝ መጀመሪያ በትልቅ ከተማ፣ ቀጥሎ ደግሞ በትንሽ መንደር በኩል ያልፋል እንበል። ከተማው ፍሳሹን አጣርቶ ወደ ወንዙ ይለቃል። መንደርተኛው በዚያው ውኃ እርሻውን ያጠጣል፣ ይታጠብበታል፣ ይጸልይበታል። ታዲያ ውኃው ምን ያህል ንጹህ መሆን እንዳለበት የሚወስነው ማን ነው? ከላይ ያለው ወይስ ከታች ያለው? «የላይኛው ተፋሰስ»፣ «የታችኛው ተፋሰስ» የሚሉትን ቃላት ከዓባይ ዜና ጋር አድገንባቸዋልና ጥያቄው ለእኛ እንግዳ አይደለም። የዛሬው ሙግት ግን በአገሮች መካከል ሳይሆን በአንድ አገር፣ በአሜሪካ ውስጥ የተነሳ ነው።

ወንዙ ሪዮ ግራንዴ ይባላል። ከኮሎራዶ ተራሮች ተነስቶ የኒው ሜክሲኮ ግዛትን መሃል ለመሃል ቁልቁል ያቋርጣል፤ በዚያም አልበከርኪን ያገኛል። አልበከርኪ የግዛቱ ትልቋ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ቆጠራ ከ380 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ነበሯት። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዋ ውኃውን ከሚለቅበት ቦታ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የኢስሌታ ፑዌብሎ መሬት ይጀምራል። ኢስሌታዎች አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ በዚህ ሸለቆ የኖሩ፣ ቁጥራቸው ጥቂት ሺህ ብቻ የሆነ ነባር ሕዝብ ናቸው። በሃይማኖታዊ ሥርዓታቸው ወንዙ ውስጥ ይገባሉ፤ ከውኃውም ይጎነጫሉ።

በነገራችን ላይ «ጎሳ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሊያሳስተን ይችላል። እኛ ጎሳ ስንል የዘር ሐረግ ነው ትዝ የሚለን። በአሜሪካ ሕግ ግን ጎሳ ማለት መንግሥት ነው። በመሬቱ ላይ ሕግ ያወጣል፣ ብዙዎቹም የራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸው። ፌዴራሉ መንግሥት ዕውቅና የሰጣቸው ከ570 በላይ ናቸው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የንጹህ ውኃ ሕግ ሥራውን አከፋፍሏል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዝቅተኛውን መስፈርት ያስቀምጣል፤ ከዚያ በታች መውረድ ክልክል ነው፣ ማጥበቅ ግን ይቻላል። እያንዳንዱ ግዛት ደግሞ በድንበሩ ውስጥ ያለ ወንዝ ለምን እንደሚውል (ለመጠጥ? ለዋና? ለዓሣ? ለመስኖ?) ይወስንና ለዚያ የሚበቃውን የጥራት ደረጃ ያወጣል። ፋብሪካም ይሁን ከተማ ፍሳሹን በቱቦ ወደ ወንዝ ለመልቀቅ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጎሳዎቹስ? ለ15 ዓመት በዚህ ክፍፍል ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። በ1987 ሕጉ ሲሻሻል ነው አቅሙና አስተዳደሩ ያለው ጎሳ «እንደ ግዛት ይታይ» የተባለው።

ኢስሌታም ዕድሉን ተጠቀመችበት። ያወጣችው የጥራት ደረጃ በ1992 በኤጀንሲው ጸደቀ። ከኒው ሜክሲኮ ግዛት ደረጃ የጠበቀ ነበር፤ ከወንዙ አገልግሎቶች አንዱም «ለሃይማኖታዊ ሥርዓት» ተብሎ ተመዘገበ። ትልቁ ራስ ምታት አርሴኒክ ነበር። ይህ መርዛማ ንጥረ ነገር በአልበከርኪ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛል፤ ከተማዋ ያኔ የምትጠጣው ደግሞ ይህንኑ ውኃ ነው። ኢስሌታ ለወንዙ ያወጣችው ወሰን በወቅቱ ለመጠጥ ውኃ ከተፈቀደው እንኳ በብዙ እጥፍ ጥብቅ ነበር። «ከቧንቧችን የሚወርደው የማያሟላውን ፍሳሻችን እንዴት ያሟላል?» ቢባል አይፈረድም።

በ1993 ከተማዋ ክስ መሠረተች። የከሰሰችው ግን ኢስሌታን ሳይሆን ኤጀንሲውን ነው። ለምን? አብዛኞቹ ግዛቶች የፍሳሽ ፈቃድ የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው። ኒው ሜክሲኮ ግን ይህን ሥልጣን አልተረከበም ነበርና የአልበከርኪ ፈቃድ የሚወጣው ከኤጀንሲው ነበር። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ጋ ነው፦ ኢስሌታ ከድንበሯ ወጥታ ከተማዋን ማዘዝ አትችልም። የራሷን ውኃ ደረጃ ታወጣለች። ፈቃድ ሰጪው ኤጀንሲ ደግሞ ከላይ የሚለቀቀው ፍሳሽ ከታች ያለውን ደረጃ እንዳይጥስ ያደርጋል። ይህ አሠራር በግዛቶች መካከል ቀድሞ ተፈትኗል። በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ከአርካንሳ ወደ ኦክላሆማ በሚፈስ ወንዝ ጉዳይ፣ ኤጀንሲው የታችኛውን ግዛት ደረጃ ለላይኛው ግዛት ከተማ ፈቃድ መስፈርት ማድረግ እንደሚችል አረጋግጧል።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1996 በአልበከርኪ ላይ ፈረደ። ጎሳ ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት ይችላል አለ። የሃይማኖት ነገርስ? ከተማዋ «መንግሥት ሃይማኖትን እየደገፈ ነው» ብላ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ደረጃውን ማጽደቅ ዓላማው ውኃውን ንጹህ ማድረግ ስለሆነ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም በማለቱ ውሳኔው ጸና።

እንግዲህ ይህን ሥልጣን ሁሉም ጎሳ ይጠቀምበታል ብላችሁ አስባችሁ ይሆናል። እስካሁን የራሳቸውን የውኃ ደረጃ አውጥተው በኤጀንሲው ያጸደቁት ከ100 ያንሳሉ። ውኃ ናሙና የሚወስድ ባለሙያ፣ ቤተ ሙከራ፣ የሕግ አማካሪ፣ ለዓመታት የሚዘልቅ በጀት ይጠይቃል። የግዛቱ ደረጃ ደግሞ እንዲያው በደፈናው በጎሳ መሬት ላይ አይሠራም። ስለዚህ በብዙዎቹ የጎሳ መሬቶች ውስጥ የሚፈሰው ወንዝ በዚህ ሕግ መሠረት የጸደቀ የራሱ የጥራት ደረጃ የለውም።