ፓሌቱ የሚገባበት ፒክአፕ

በሮተርዳም ወደብ የሚራገፍ ብዙ ዕቃ መጋዘን ሲደርስ ከኮንቴይነር ወጥቶ በፓሌት ይደረደራል። የአውሮፓ ፓሌት ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ለሥራ መካከለኛ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ከሞተሩ ጉልበት በፊት ሊያስብበት የሚገባው ይህ ልክ ነው።

ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የመጫኛውን ወርድ ነው። ከኋላ ጎማዎች በላይ ያለው መሸፈኛ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ ቁም ነገሩ በሁለቱ መሸፈኛዎች መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ገበያ የወጣው ቮልክስዋገን አማሮክ ክፍተቱ 122 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ፓሌቱ በአግድሙ ይገባል። የደብል ጋቢናው መጫኛ ርዝመት ግን 155 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ፓሌት በአግድሙ ለመደርደር 160 ያስፈልጋል።

አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ! በዚያች ልዩነት ነጋዴው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ነጠላ ጋቢናው 220 ያህል ስለሚረዝም ሁለቱንም ይዞ ቦታ ይተርፈዋል፤ ቤተሰብ ለማጓጓዝ ግን አይሆንም።

ክብደቱም አለ። የእነዚህ መኪኖች አቅም በአብዛኛው አንድ ቶን ገደማ ሲሆን ተሳፋሪም ከዚሁ ይቀነሳል። እያንዳንዳቸው 80 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ሰዎች 320 ኪሎ ይወስዳሉ።

ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ዘ ሄግ ለንግድ መኪኖች ከጭስ ነፃ ቀጠና ከልለዋል። አንዳንድ ነባር የናፍጣ መኪኖች የመሸጋገሪያ ጊዜ ስለተሰጣቸው፣ ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው የተመዘገበበትን ዓመት አስቀድሞ ይመልከት።