የኋላ መብራት ሲጠፋ፦ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት

ካኩማ ላይ ዝናብ ሲጥል ሁለት ነገር ይበዛል፤ አንዱ ትንኝ ነው፣ ሌላው የኋላ መብራቱ የጠፋ መኪና። ስለ ትንኙ የጤና ሠራተኞች ደጋግመው ስለሚነግሩን የዛሬው ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ይሆናል።

ይሄ የሹፌርና የመካኒክ ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን አትለፉት። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት፣ ትኩሳት ያጋለው ሕፃን ብዙ ጊዜ ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት በሰፈር ታክሲ ነው። አቧራ በበዛበት መንገድ ላይ ከኋላ የሚመጣ ሰው ከፊቱ ካለው መኪና የሚታየው ሁለት ቀይ ነጥብ ብቻ ነው። እነዚያ ነጥቦች ከጠፉ ወይም ፍሬን ሲያዝ ካልደመቁ፣ ቦዳ ቦዳው የቆመ መኪና ላይ ሰተት ብሎ ይገባል። ቦዳ ቦዳው ላይ ደግሞ አንዳንዴ ሦስት ሰው አለ። በዚያ ላይ ኬንያ ውስጥ የሚነዳው በግራ ስለሆነ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና መንገዱን ያቋርጣል። የቀኝ የኋላ ፍሬቻው ካልሠራ፣ ሊቀድመው የመጣው ሰው መታጠፉን የሚያውቀው ከተጋጩ በኋላ ነው።

ታዲያ መብራት ጠፋ ሲባል ሁላችንም የምናስበው አምፖል መግዛት ነው። በዝናብ ወራት ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም፤ የውሃና የዝገት ነው።

ኤሌክትሪክ መመለሻ ይፈልጋል

ሳይንስ የሚማሩ ልጆቻችሁን ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል፤ ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚቀር ነገር አይደለም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነሥቶ በፊውዙ፣ በማብሪያውና በሽቦው በኩል አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ከዚያ ደግሞ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ መመለስ አለበት። መኪና ላይ የመመለሻው ሽቦ እስከ ባትሪው ድረስ አይሄድም። አጭር ሽቦ ነው፤ እዚያው አጠገብ በቡሎን ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል። ከዚያ ወዲያ የመኪናው አካል ራሱ እንደ ሽቦ ያገለግላል። መካኒኮቻችን ማሳ የሚሉት ይህንን ነው። አምፖሉ ደህና፣ ፊውዙ ደህና፣ ባትሪው ደህና ሆኖ ማሳው ከዛገ መብራት የለም።

ብዙ መኪኖች ላይ አንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ። የማታው ቀይ መብራት 5 ዋት፣ የፍሬኑ 21 ዋት ነው። በ12 ቮልት ስናሰላው የማታው ክር 0.4 አምፔር ገደማ፣ የፍሬኑ ግን 1.75 አምፔር ይስባል። መዛግ የጀመረ መገናኛ ትንሹን ያሳልፍና ትልቁን ያንቀዋል። «ማታ ደህና ይበራል፣ ፍሬን ስይዝ ግን ይደክማል» የሚባለው ከዚህ ሊመጣ ይችላል። አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ከ12 ቮልት ወደ 10 ሲወርድ ብርሃኑ ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሹፌሩ «ይበራል» ይላል፤ ከኋላ ያለው ሰው ግን አያየውም።

ውሃው በየት ይገባል?

ፀሐዩ በመብራቱ ዙሪያ ያለውን ላስቲክ ያደርቀዋል፣ ፕላስቲኩንም ይሰነጥቀዋል። ቀን በመብራቱ ውስጥ ያለው አየር ግሎ ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እርጥብ አየር ከውጭ ይስባል። ብዙ መብራቶች ውሃ የሚያንጠባጥቡበትና የሚተነፍሱበት ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ እሱን አቧራ ይደፍነዋል። ከዚያ ላጋው ሞልቶ መኪናው ውሃ ውስጥ ይሻገራል፤ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል።

ንጹሕ ውሃ ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም ነበር። ነገር ግን በአቧራው ውስጥ ያለው ጨው በውሃው ይሟሟል፤ በዚህ ላይ ኤሌክትሪኩ ሲጨመር ብረቱ በፍጥነት ይበላል። መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ አንዳንዱ መገናኛ ነጭ ዱቄት ያበቅላል። ሦስቱም ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፉም።

ጠዋት መስተዋቱ ላይ ስስ ጉም ቢታይና መብራቱ ሲበራ ቆይቶ ቢጠፋ አትደንግጡ። ውሃ ተጠራቅሞ ሲንቀጫቀጭ ከታየ ግን ያን ቀን መከፈት አለበት።

ምልክቱን ማንበብ

ባለፈው ዝናብ አንድ የሰፈራችን የፕሮቦክስ ሹፌር በአንድ ወር ሦስት አምፖል ገዛ። የግራው የኋላ መብራት አዲስ አምፖል ሲገባ ይበራል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ይደበዝዛል። በመጨረሻ አንድ ወጣት መካኒክ «ፍሬን ያዝ» አለውና ከኋላ ቆሞ አየ። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻውም አብሮ ጭል ጭል ይላል። ልጁ ወዲያው ማሳውን ፈታ፤ ከቡሎኑ ሥር አረንጓዴና ቡናማ ዝገት ብቻ ነበር። አምፖል ሲቀየር የበራው ሶኬቱ በመነካካቱ ነው እንጂ አሮጌዎቹ አምፖሎች አልተቃጠሉም ነበር።

ፍሬቻው ለምን በራ? መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በጎረቤት አምፖል በኩል ሌላ መውጫ ስለሚፈልግ ነው። እንዲህ ያሉ ምልክቶችን ያዙ፦

• በአንድ ጎን ያሉት መብራቶች ሁሉ አብረው ከደበዘዙ፣ ወይም አንዱ ሲበራ ሌላው ያለ ቦታው ጭል ካለ፣ መጀመሪያ ማሳውን ጠርጥሩ።
• መብራቱን በእጅ መታ ስታደርጉት ከበራ፣ የላላ ወይም የዛገ ሶኬት ነው።
• ፍሬቻው ከወትሮው ፈጥኖ ከጨፈረ፣ በዚያ ጎን አንድ አምፖል ተቃጥሏል ወይም አልተገናኘም።
• የፍሬን መብራቶች በሙሉ አብረው ከጠፉ፣ ፊውዙን ከዚያም ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለውን ማብሪያ እዩ።
• ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ፣ የተላጠ ሽቦ ብረት እየነካ ነው። የኋላ በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚታጠፈውን ሽቦ ፈትሹ።

አንድ ሜትር ሽቦ ይበቃል

ለዚህ ፍተሻ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጫፍና ጫፉ የተላጠ አንድ ሜትር ሽቦ ውሰዱ። መብራቱን አብሩ። የሽቦውን አንድ ጫፍ የሶኬቱ ማሳ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው ንጹሕ የመኪና ብረት ላይ አስነኩ። መብራቱ ወዲያው ከደመቀ ጥፋቱን አገኛችሁት፤ ማሳው ነው። የትኛው ማሳ እንደሆነ ሳታረጋግጡ ግን አትሞክሩ። ፖዘቲቩን ከብረት ጋር ካገናኛችሁ ፊውዙን ታቃጥላላችሁ።

ቴስተር ያለው ሰው መብራቱ በርቶ እያለ በሶኬቱ ማሳና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ይለካ። ደህና ከሆነ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ በመንገዱ ላይ ዝገት አለ ማለት ነው። መብራቱ ጠፍቶ መለካት አይጠቅምም፤ ኤሌክትሪክ ካላለፈ ዝገቱ አይታይም።

ሲጠገን

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። መብራቱን አውጥታችሁ ውሃውን አፍስሱ፣ በደንብ ይድረቅ። የሶኬቱን መገናኛዎች በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ አጽዱ። አምፖሉን የሚይዘው ምላስ ተኝቶ ከሆነ በቀስታ ቀና አድርጉት። ተበልቶ የሳሳ ከሆነ ግን ሶኬቱ መቀየር አለበት።

የማሳውን ቡሎን ፈትታችሁ ከሥሩ ያለውን ቀለምና ዝገት እስከ ብረቱ ድረስ ፋቁ፤ ከዚያ አጥብቃችሁ እሰሩና ከላይ ግሪስ ወይም ቫዝሊን ቀቡት። ሽቦው ሲላጥ መዳቡ ጥቁር ከሆነ የሚያብለጨልጭ መዳብ እስክታገኙ እየቆረጣችሁ ሂዱ። ጥቁር መዳብ ላይ የተቋጠረ ሽቦ ሳይውል ሳያድር ይመለሳል። በመጨረሻም ላስቲኩን ቀይሩ፣ የታችኛውን ቀዳዳ ከአቧራ አጽዱ። ውሃ እንዳይገባ ብሎ ቀዳዳውን በማስቲሽ መድፈን ውሃውን ውስጥ ማሰር ነው።

ሦስት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ወፍራም ፊውዝ ወይም የሲጋራ ቆርቆሮ አታስገቡ። ፊውዙ ባይቃጠል የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ኋላ ላይ ደግሞ ጄሪካን ቤንዚን ተጭኖ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሽቦ በመርፌ እየወጋችሁ አትፈትሹ፤ በዚያች ቀዳዳ ውሃ ይገባና መዳቡን ከውስጥ ይበላዋል። ሦስተኛ፣ ሶኬቱን ሳታጸዱ ኤል ኢ ዲ አምፖል ብትቀይሩ ዝገቱ እዚያው ይጠብቃችኋል።

የእጅ ዋጋ ይከፈል

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሹፌሮች ለአምፖል ሳያንገራግሩ ይከፍላሉ፤ «ዝገት አጸዳሁ» ለሚል ልጅ ግን «ምን ሠራህና!» ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ልጁም ነገ አምፖል መሸጥ ይቀለዋል። ጥፋቱን ፈልጎ ያገኘ ሰው ሠርቷል፤ ዋጋውን ስጡት። እናንተም ወጣት መካኒኮች፣ የፈታችሁትን የዛገ ቡሎን ለባለ መኪናው አሳዩት። ሰው ያየውን ያምናል።

ሹፌሮች፣ ማታ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሰው ከኋላ አቁማችሁ ፍሬን ያዙ፣ ፍሬቻ አሳዩ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ኋላውን ወደ ግድግዳ አስጠግታችሁ የቀዩን ነጸብራቅ እዩ። እኛ ተሳፋሪዎችም ከመግባታችን በፊት «እስቲ ወንድሜ፣ አንዴ ፍሬን ያዝልን» ብንል ነውር የለውም። ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መልካም መንገድ!